የድልድዩ ሽፍታ

አባባ በዚያ ጌም ውስጥ አንድም ሰው ሳይገድል ሀብታም ሆነ። ይህን ስናገር ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ይስቁብኛል። ሰይፍ፣ አስማትና ዘንዶ በሞላበት አገር ጀግና እንዲሆን የተላከ ሰውዬ፣ ሰይፉን ሸጦ ከአንዱ ከተማ ቆዳ በርካሽ እየገዛ ሌላው ከተማ በውድ ሲያወጣ ከዋለ ለእነሱ ቀልድ ነው። እኛ ቤት ግን ቀልድ አልነበረም። ለመርካቶ ነጋዴ ሰፊ አገር፣ ፈረስና ከረጢት ሰጥታችሁት ዘንዶ ሲያሳድድ ይውላል ብላችሁ ጠበቃችሁ እንዴ?

የባቡሩ ሥራ አውቶቡስ ተራን ቆፋፍሮ አቧራ ያስቅመን በነበረበት ጊዜ ነው። አባባ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ባለው ረድፍ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥ ነበር። አንድ ጠዋት ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲታጠብ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ ምላሱ ትንሽ ተሳሰረ፤ አእምሮው ግን እንደ ምላጭ ስል እንደሆነ ቀረ። አንዳንዴ አእምሮውም ትንሽ ደንዝዞ ቢሆን ይሻል ነበር እላለሁ፣ አስተግፊሩላህ። ባይገባው ኖሮ ያደረግኩበት ነገር አያመውም ነበር ብዬ ነው።

ሱቁን እኔ ያዝኩት። አካውንቲንግ ተምሬ ሥራ አጥቼ ቤት ስለነበርኩ ሌላ ምርጫ አልነበረም። አባባ አማኑኤል አካባቢ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሐኪሞቹ እጁን እንዲያሠራበት የላስቲክ ኳስ ሰጥተውት ነበር። "ኳስ ጨምቄ ምን ላተርፍ ነው?" እያለ ሶፋ ሥር ይወረውራታል። እናቴ በመጥረጊያ ጎትታ ታወጣለታለች፣ እሱ መልሶ ይወረውራታል። ከዚያ ውጪ እንቅስቃሴ የሚባል ነገር አልነበረውም።

እኔ ከኮሌጅ ጊዜዬ ጀምሮ የጌም በሽታ አለብኝ። "ሴት ልጅና ጌም!" ብሎ ሰፈሩ ያሾፍብኝ ነበር፤ ይሹፍ። አንድ እሁድ ሳሎን ተቀምጬ ስጫወት አባባ ሲያይ ቆየና ጠየቀኝ።

"ይህ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"የፈለገበት ነዋ።"

"የፈለገበት? ኬላ የለም?"

"ምንም ኬላ የለም።"

"እስቲ አምጪው።"

ጆይስቲኩን ሰጠሁት። በደህና እጁ አቅፎ የታመመውን እጁን ጣቶች አንድ በአንድ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠ። ኳሷን ስንት ጊዜ ለምነነው እንቢ ያለ ሰው! እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ዝም በይ፣ አታስደንግጪው ማለቷ ነው።

ያው እንደነገርኳችሁ መነገድ ጀመረ። በዚያ ጌም ውስጥ ከባለሱቆች ጋር ዋጋ መከራከር ይቻላል። በተከራከርክ ቁጥር የንግድ ችሎታህ ያድጋል፤ ችሎታው ሲጠራቀም ሰውዬው ማደሪያ ገብቶ ይተኛል፣ ሲነቃ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይነሳል። አባባ እንግሊዝኛ አያነብም፤ የባለሱቁን ፊት ግን ያነባል። የተሳለ ፊት ነው፣ ሲከፋው ቅንድቡ ትንሽ ይሰበሰባል። "አየሽው? ተቆጣ። ገና አለው፣ ይወርዳል" ይለኛል። እኔ ስንት ዓመት ስጫወት ያንን ቅንድብ አይቼው አላውቅም ነበር። ማታ ከሱቅ ስመለስ ስለ መርካቶ ሳይጠይቀኝ ስለ ቆዳ ገበያው ያወራኛል። ከታመመ ወዲህ ሳቅ ያየሁበት ያኔ ነው።

የጌሙ ክፋት ታዲያ እዚህ ጋ ነው። አንተ ስታድግ ዓለሙ በሙሉ አብሮህ ያድጋል። ተኩላው፣ ሽፍታው፣ አጋንንቱ ሁሉ ደረጃህን አይተው በዚያው ልክ ይጠነክራሉ። ሰይፍ ተምረህ አደግህ፣ ወይስ ዋጋ ሰብረህ አደግህ ብለው አይጠይቁህም። ስለዚህ ሲከራከር ብቻ ያደገ ሰውዬ አንድ ቀን ከረጢት ሙሉ ሀብትና የሕፃን ክንድ ይዞ ከጭራቅ ጋር ይገናኛል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። አባባ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር "ማሻአላህ!" እያልኩ አጨበጭባለሁ። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ነገም ይመጣና ሲስቅ አየዋለሁ፣ እንደገና አጨበጭባለሁ።

ስለ ዋጋ ክርክር ትንሽ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው ነገር አይገባችሁም። ለእኛ ረድፍ ነጋዴ ክርክር ጠብ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይከራከር ከከፈለ አባባ ገንዘቡን ተቀብሎ ያኮርፋል። "ወይ ንቆኛል፣ ወይ የተሰረቀ ብር ነው" ይላል። ክርክሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ሻጭ ይምላል፣ ገዢ ይስቃል፤ ሻጭ ትንሽ ይወርዳል፣ ገዢ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፤ ራቅ ካለ በኋላ ሻጭ "ነይ በቃ፣ ነይ ውሰጂው!" ብሎ ይጠራል። በጣም ቶሎ ከጠሩ ከስረዋል፤ በጣም ካዘገዩ ደንበኛው ሌላ ሱቅ ገብቷል። አባባ የሚጠራባትን ቅጽበት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ረድፉ ሁሉ በዚህ ያደንቀዋል።

ክርክር የማይደረገው በአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነጋዴ ሐዘን ደርሶበት ከርሞ ሱቁን የከፈተ ቀን ጎረቤትና ደንበኛ እየመጣ በተጠራው ዋጋ፣ ያለ አንዲት ቃል ከእሱ ይገዛል። የለቅሶ ግዢ እንለዋለን። ከጎናችን መጋረጃ የሚሸጠው ጎረቤታችን ሚስቱ የሞተችበት ጊዜ አባባ ገብቶ ዋጋ ጠየቀ፣ ከፈለ፣ ተሸክሞ ወጣ። በሕይወቴ አባባ ሳይከራከር ሲገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ከመስኮቱ መጋረጃው ይበዛል።

አባባ ጌሙን ከያዘ በኋላ ነፍሱ መለስ አለች። አንድ ቀን "ቅዳሜ ሱቅ ውሰዱኝ" አለ። እናቴ አለቀሰች፣ እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ ዓርብ ብቻ ነው የቆየው። ዓርብ ፍርሃት ያዘኝ። ምላሱ ቀርፋፋ ነው፣ እጁ ብርድ ልብስ አያነሳም፣ መርካቶ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይበላል። ቢያሸንፉትስ? ቢያፍርስ? ካፈረ እንደገና ከዚያ ሶፋ አይነሳም ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ ቀድሜው ሄድኩ። ለመጋረጃ ነጋዴው "ጋሼ፣ ነገ አባባ ይመጣል፤ እባክዎ ሰው ብዙ እንዳይከራከረው" አልኩት። "ለሐጂ? ምን ችግር አለ ልጄ!" አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ለቡታጅራዋ ደንበኛችን ደወልኩ። እሷ ለገጠር ሱቆች የምታከፋፍል ነጋዴ ናት፤ ከአባባ ጋር ሲከራከሩ የረድፉ ሰው ሥራ ፈቶ ያያቸው ነበር። "እትዬ፣ የጠራልሽን ዋጋ ተቀበዪው፤ ልዩነቱን እኔ አስተካክልልሻለሁ" አልኳት። "እሺ፣ አላህ ያሽረው" አለች። ከዚያ በኋላ ለማንም መንገር አላስፈለገኝም። መርካቶ ውስጥ ወሬ ከተሸካሚም ይፈጥናል።

ቅዳሜ አባባ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ነጭ ኮፍያውን አድርጓል። ደንበኞች መጡ፣ እሱ ቀስ እያለ ዋጋ ጠራ፣ እነሱ ለወጉ "ኧረ ሐጂ፣ ውድ ነው!" ካሉ በኋላ ከፈሉ። ማታ ታክሲ ውስጥ እጄን በደህና እጁ ያዘና "አየሽ? አልረሳሁትም" አለኝ።

"አልረሳህም አባባ" አልኩት። ከዚያ ቅዳሜ በቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ ሸጠ። እኔም ከኋላ ሆኜ ልዩነቱን ለደንበኞቹ እመልሳለሁ።

በዚህ መሃል ጌሙ ውስጥ መንገዱ ተዘጋ። አባባ በሚነግድባቸው ሁለት ከተሞች መካከል አንድ ድልድይ አለ፣ ድልድዩ ላይ አንድ ሽፍታ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ የተቀደደ ቆዳ ለብሶ ዱላ የያዘ ምስኪን ነበር። አባባ ጥቂት ሳንቲም ጣል አድርጎለት "ይህም የልጆቹን ዳቦ ፍለጋ ነው" ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ግን ከሱቅ ስገባ አባባ አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ያው ሽፍታ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ወርቅ በወርቅ ሆኖ፣ ከቁመቱ የሚረዝም ጎራዴ ይዞ ቆሟል። አባባ ሳንቲም ሰጠው። ሽፍታው አልተቀበለም፤ አንድ ጊዜ ሰነዘረ፣ ሰውዬው ወደቀ።

"አጃኢብ!" አለ አባባ። "ይህን ሁሉ ወርቅ ለብሶ መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ወርቁን ሸጦ ሱቅ አይከፍትም?"

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ፣ ምክንያቱም ያንን ነገር መናገር ነበረብኝ። ሽፍታው ያደገው አባባ ስላደገ እንደሆነ፣ ያለ ሰይፍ በክርክር ብቻ ማደግ አደጋ እንደነበረው ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ጢሙን እየነካ አሰበበት።

"ታዲያ ትክክል ነው" አለ። "ጉሊት ስትሸጪ የጉሊት ሌባ ይመጣብሻል። ጅምላ ስትገቢ የጅምላ ሌባ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ከረባት ያስራል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እኔ ነኝ።"

ገደሉን ያየሁት እኔ ነበርኩ። አይቼ ዝም ያልኩት እኔ። ይህን ግን ሳልነግረው ቀረሁ።

"እንግዲህ ሰይፍ መማር ነው" አለ አባባ።

ሰይፍ የሚሰነዘረው በቀኝ እጅ አመልካች ጣት ነበር፣ በታመመው። በየቀኑ ወደ ድልድዩ ሄደ፣ በየቀኑ ወደቀ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ይንቀጠቀጥና ለመጫን ሲደርስ ሽፍታው ጨርሶታል። ላብ በላብ ይሆናል። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ "ኧረ ይህን ሽፍታ ግደይለት! አንቺ ታውቂው የለ?" ትለኛለች። አባባ ግን ጆይስቲኩን ሊሰጠኝ እንቢ አለ። አንድ ቀን በፊታችን ቃል ገባ። "ይህን ድልድይ በዚህች ጣት ከተሻገርኩ ወላሂ ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ ሱቅ እገባለሁ። ሱቄን እረከባለሁ፤ አንቺም የተማርሽውን ሥራ ትፈልጊያለሽ።"

ለእሱ የጌም ነገር አልነበረም ማለት ነው። ሕይወቱን መልሶ ሊረከብ ነበር የሚታገለው። እኔ ደግሞ አይችልም ብዬ ደመደምኩ። ማን ዳኛ አደረገኝ? ማንም። ጣቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየፈጠነ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ይታየኛል፤ ሐኪሞቹም "ኳሷ ሠራች" ብለው ነበር። ያኔ ግን ያየሁት ሲወድቅ ብቻ ነው።

አንድ እሁድ አባባ የዓሱርን ሶላት ሊሰግድ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ጌሙ ውስጥ ክብደቱን የምትቀይር አንዲት ማንሸራተቻ አለች፤ ወደ ቀኝ ስትገፋ ጠላት ይበረታል፣ ወደ ግራ ስትገፋ ይላላል። እንግሊዝኛ ስለሆነች አባባ አያውቃትም። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ገፋኋት። እናቴ አይታኝ ወደ መኝታ ቤቱ በር ቃኘች። ሁለታችንም ሌባ መሰልን።

አባባ ተመልሶ ተቀመጠ። ቢስሚላህ ብሎ ወደ ድልድዩ ሄደ። ጣቱ ተንቀጠቀጠች፣ ተጫነች፣ ሰይፉ የሽፍታውን ትከሻ ነካ ሲያደርግ ወርቅ የለበሰው ግዙፍ ገለባ ሆኖ ተዘረረ። እናቴ እልል አለች። እኔም አጨበጨብኩ። አባባ ግን እልልታውን የሰማም አልመሰለ።

ከድልድዩ ማዶ ሌላ ሽፍታ ነበር። አባባ የራሱን ሰውዬ ወስዶ ፊት ለፊቱ አቆመውና ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሽፍታው መታው። ደሙን የምታሳየው ቀይ መስመር አልተነቃነቀችም ማለት ይቻላል። እንደገና መታው፣ እንደገና። ሰውዬው እጁን አውርዶ ቆሞ ይደበደባል፣ ምንም አይሆንም።

"አንቺ ልጅ" አለኝ ዞር ሳይል። "ይህን ሽፍታ ምን አደረግሽው?"

"ምንም..."

"ዋጋ ሳትከራከሪበት ከወረደ ዕቃው ነውር አለበት ብዬ አስተምሬሽ የለም? ምን አደረግሽው?"

ማንሸራተቻዋን አሳየሁት። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስገፋት ዓይኑ አብሯት ሄደ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ያ ፊት ነው ዛሬም ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። ቅዳሜዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነበር።

"ሱቁስ?" አለ። "ሱቁንም እንዲህ አድርገሽልኛል?"

ጆይስቲኩን እንደያዝኩ አቀረቀርኩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ለዚህ ነው እንዴ ቡታጅራዋ ሳትከራከር ከእኔ የምትገዛው? የለቅሶ ግዢ ነው እንዴ ስሸጥ የከረምኩት?" ምላሱ ተሳሰረ። "ማን ሞቶ ነው?"

"አባባ፣ ይቅር በለኝ። እንዳታፍር ብዬ ነው።"

"አሁን አላፈርኩም?"

ማንሸራተቻዋን ወደ ነበረችበት እንድመልሳት አዘዘኝ፤ መለስኳት። "የሱቁንም መልሺው" አለ። በማግሥቱ ገና ረድፉ ሳይከፈት ሄጄ ለጎረቤቶቻችን ነገርኳቸው፦ አባባ አውቋል፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮው ተከራከሩት፣ አትማሩት። መጋረጃ ነጋዴው "እሺ ልጄ" አለ፤ ግን ፊቱን አይቼ እንደማይችል ገባኝ። ሰው እንደ ጌም ማንሸራተቻ መቼ ይገፋል? አንዴ ያዘነልህ ሰው በትእዛዝ አይጨክንብህም። ይህን ሳላውቅ ነው ገበያውን የነካካሁት።

ቅዳሜ አባባ መጣ። እንደ ወትሮው በርጩማው ላይ ሳይሆን ቆሞ፣ መደርደሪያውን ተደግፎ ጠበቀ። ቡታጅራዋ መጣች፣ ዋጋ ጠየቀች፣ እሱ ጠራ።

"ኧረ ሐጂ! ለዚህ ብርድ ልብስ? ግመል ነው እንዴ የሚሸጡልኝ?" አለች እንደ ድሮዋ።

የአባባ ፊት በራ። "ግመሉማ ውጪ ቆሟል፤ ከፈለግሽ እሱንም ልመርቅልሽ!" አለ ቀስ እያለ። ረድፉ ሳቀ። እሷ ሌላ ዋጋ ጠራች፣ እሱ ማለ፣ ትንሽ ወረደ፣ እሷ እጇን አወዛውዛ ፊቷን አዞረች። ሁለት ሱቅ አልፋ ዞር ብላ አየች። አባባ የዘረጋውን ብርድ ልብስ በአንድ እጁ ለማጠፍ እየታገለ ነበር፤ ጫፉ አምልጦት መሬት ወደቀ።

ተመልሳ መጣች። ገና ሳይጠራት።

"ይሁን ሐጂ፣ ባሉት ዋጋ ይሁን" አለች ብሯን እያወጣች።

አባባ ብሩን አላየውም። "እህቴ" አለ፣ ድምፁ ልመና ነበር። "ሂጂ እንጂ። እንድጠራሽ ሂጂ።"

እሷ መሄድ አቃታት። ቆማ አለቀሰች። መጋረጃ ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ገባ፣ ሌላውም ሥራ እንዳለው ሁሉ ዞር አለ። አባባ የወደቀውን ብርድ ልብስ ለእኔ ሰጠኝና "ታክሲ ጥሪልኝ" አለ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሱቅ አልመጣም። አላኮረፈኝም፣ አልረገመኝም፤ ምነው በረገመኝ። ደህና ዋልሽ ይለኛል፣ ዋጋ እንዴት ነው ብሎ ግን አይጠይቀኝም።

ጌሙን አልተወውም። ከሱቅ ስገባ ሁልጊዜ ድልድዩ ላይ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ወርቅ የለበሰው ሽፍታ ጥሎት ሲሳለቅበት አባባ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ እንደ በፊቱ ስለነበር ሮጬ ገባሁ።

"አሸነፍክ እንዴ አባባ?"

"የት አባቱ! ገደለኝ እንጂ" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "አንቺ፣ ይህን ሰውዬ እንዳትነኪብኝ። ከታመምኩ ወዲህ ያልማረኝ እሱ ብቻ ነው።"

አልነካሁትም። ጎኑ ተቀምጬ አየሁ። ጣቱ ፈጥና ነበር፣ በጣም ፈጥና ነበር። አንድ ሁለቴ ሽፍታውን ሊጥለው ደረሰ። ሌላ ክረምት ቢጨመርለት ኖሮ ይሻገር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሁለተኛው ስትሮክ ግን የሚገፋ ማንሸራተቻ አልነበረውም።

የአባባ ለቅሶ አልቆ ሱቁን የከፈትኩ ቀን ረድፉ እንደ ሥርዓቱ መጣ። መጋረጃ ነጋዴው በአልጋው ብዛት ልክ ሳይሆን በሐዘኑ ልክ ብርድ ልብስ ገዛ፣ ቃል አልተናገረም። ሌሎቹም ዋጋ ጠይቀው፣ ከፍለው፣ አቀርቅረው ወጡ። እያንዳንዱ ብር እጄን አቃጠለኝ። አባባ ስንት ቅዳሜ ሙሉ የራሱን ለቅሶ በቁሙ ሲሸጥ እንደከረመ ያኔ በቆዳዬ ገባኝ።

መጨረሻ ላይ ቡታጅራዋ መጣች። ዋጋ ጠየቀችኝ። አባባ እንደሚያደርገው ከፍ አድርጌ ጠራሁ። ቦርሳዋን ከፈተች።

"እትዬ" አልኳት። "ሂጂ እንጂ። እንድጠራሽ ሂጂ።"

አየችኝ፣ ገባት። ቦርሳዋን ዘግታ "ውድ ነው!" አለች ጮክ ብላ፣ ፊቷን አዙራ ሄደች። አንድ ሱቅ አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች። አባባ የሚጠራባት ቅጽበት ደረሰች። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ ግን እንቢ አለኝ። እሷም ሳልጠራት ተመልሳ መጣች።